«90 ሜትር ይቀራል» ያለው ካርታ፦ የኪውክሪክ ማዕድን የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ በአጭሩ

ሐምሌ 17 ቀን 1994 ዓ.ም. ምሽት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 24 ቀን 2002፣ በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ግዛት በሶመርሴት ካውንቲ በሚገኘው የኪውክሪክ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሥራ ላይ የነበረ አንድ ቡድን ሳያውቀው የጎረቤት ማዕድን ግድግዳ ቀደደ። ጎረቤቱ ማዕድን ከተዘጋ አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። በነዚያ ዓመታት ውኃ ሞልቶታል። ከዚያ ቀዳዳ ከ50 ሚሊዮን ጋሎን በላይ፣ ማለትም 190 ሚሊዮን ሊትር ያህል ውኃ ወደ ኪውክሪክ ገባ። ቡድኑ ይሠራበት የነበረው ካርታ ግን አሮጌው ማዕድን ገና 300 ጫማ፣ ወደ 90 ሜትር ገደማ ይርቃል ይል ነበር።

በዚያ ፈረቃ ከመሬት በታች 18 ሠራተኞች ነበሩ። ዘጠኙ አመለጡ። የቀሩት ዘጠኝ በ240 ጫማ ጥልቀት፣ በጨለማና በቀዝቃዛ ውኃ ተከበው ከሦስት ቀን በላይ ቆዩ፤ ሁሉም በሕይወት ወጡ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ተአምር ነው፤ ለመነገርም የሚመች ነው። እዚህ የማየው ግን ከካርታው ወገን ነው። ዘጠኙን ሰዎች ለሞት ያቀረባቸው ካርታ ነው፤ የሚሰረሰርበትን ቦታ ለይቶ ያተረፋቸውም ካርታ ነው። ሁለቱ ካርታዎች በምን እንደሚለያዩ ማወቅ ከአሮጌ ካርታ ጋር ለሚሠራ ሰው ሁሉ ይጠቅማል። የሰዎችን ስም አላነሣም። ከዚህ በኋላ የሚመጡት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አገሩና ካርታዎቹ

ሶመርሴት የአፓላቺያን ተራሮች አካል የሆነ ወጣ ገባ ደጋ ነው። ላዩን የሚያይ ሰው የወተት ከብት የሚረባባቸው እርሻዎች፣ ጫካና ጠመዝማዛ መንገዶች ያያል። ሥሩ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሲቦረቦር የኖረ ነው። ከሰሉ አንዱ ከሌላው በላይ በተነጠፉ ቀጫጭን ንጣፎች ተኝቷል። በኪውክሪክ የሚቆፈረው ንጣፍ የላይኛው ኪታኒንግ ይባላል፤ ሠራተኞቹ ጎንበስ ብለው ወይም ተንበርክከው የሚውሉበት ዝቅተኛ ንጣፍ ነው። ከአደጋው አሥር ወር ቀደም ብሎ፣ በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001፣ የበረራ ቁጥር 93 አውሮፕላን የተከሰከሰው በዚሁ ካውንቲ ውስጥ ነበር። የወደቀበት ሜዳም ከላይ እየተገፈፈ ከሰሉ ከወጣለት በኋላ መልሶ አፈር የለበሰ የቀድሞ ማዕድን ነው። በዚያ አገር ማዕድን ያልነካው ኮረብታ ማግኘት ቀላል አይደለም።

የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በ1879 ተቋቁሞ ከ1884 ጀምሮ የመልክዓ ምድር ካርታዎች ሲያወጣ ኖሯል። በምሥራቁ አገር የመጀመሪያዎቹ በ1:125,000 እና በ1:62,500 ስኬል የተነሡ ናቸው። ከሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ዋናው ሥራ በ1:24,000 ስኬል ሆነ፤ ያ ሥራ ከአላስካ በስተቀር ዋናውን የአሜሪካ ምድር ሸፍኖ ያለቀው በ1992 ነው። ዛሬ አሮጌዎቹ እትሞች በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ተቃኝተው በነጻ ይገኛሉ። ኢንተርኔት ያለው ሰው የአንድን ሸለቆ የመቶ ዓመት ታሪክ ጠረጴዛው ላይ መደርደር ይችላል።

እነዚህን እትሞች በየዘመናቸው ደርድሮ ማንበብ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በካርታው መፍቻ ላይ የተጠላለፉ ሁለት ዶማዎች ክፍት ማዕድን ወይም የድንጋይ ካባ ማለት ናቸው። ግማሹ የጠቆረ አራት ማዕዘን ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጉድጓድ ነው። እንደ ባላ እንጨት ሁለት ቅርንጫፍ ያለው ትንሽ ምልክት ደግሞ ወደ ኮረብታው ጎን የሚገባ ዋሻ አፍ ነው። ምልክቱ ከሌለም ፍንጭ አይጠፋም። ከዋናው የባቡር ሐዲድ ተገንጥሎ ወደ አንድ ጠባብ ሸለቆ ገብቶ ድንገት የሚቆም ቅርንጫፍ ሐዲድ ሳያይ የሚያልፍ አንባቢ ብዙ ያመልጠዋል፤ ባቡር ያለ ምክንያት ወደ ጫካ አይገባም፣ መጨረሻው ላይ የከሰል መጫኛ ነበረ ማለት ነው። በሚቀጥለው እትም ሐዲዱ ተነቅሎ የእግር መንገድ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ባለው እትም መንገዱም ይጠፋና የሚቀረው የከፍታ መስመሮቹ ላይ ያለ ትንሽ እጥፋት ብቻ ነው። የመጨረሻውን እትም ብቻ የሚያይ ሰው እዚያ ማዕድን እንደነበረ በምንም አያውቅም።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በወጡ ብዙ እትሞች ላይ ሐምራዊ ቀለም ይታያል። ይህ ቀለም ማሻሻያው የተደረገው ከአየር ፎቶግራፍ እንደሆነና በመሬት ላይ እንዳልተረጋገጠ የሚያሳይ ነው። አንድ ካርታ ስለ ራሱ ይህን ያህል እውነት ሲናገር ደስ ይለኛል፤ የማዕድን ካርታዎች እንዲህ ቢሆኑ ኖሮ የዚህ ጽሑፍ ርእስ ሌላ በሆነ ነበር።

የመልክዓ ምድር ካርታ ግን ከመሬት በታች ስላለው ነገር አይናገርም። የዋሻውን አፍ ያሳያል፤ ዋሻው ወዴት እንደሄደ፣ ምን ያህል እንደራቀ አይነግርም። ለዚያ የሚያስፈልገው የማዕድኑ የራሱ ካርታ ነው።

ችግሩ

ከኪውክሪክ አጠገብ የነበረው አሮጌ ማዕድን ሃሪሰን ቁጥር 2 ይባላል፤ በአካባቢው ሰው ዘንድ በባለቤቱ ኩባንያ ስም ሳክስማን ተብሎም ይታወቃል። ሁለቱ የሚቆፍሩት አንድ ንጣፍ ነው። ስለዚህ በመካከላቸው ሳይነካ የሚቀረው የከሰል ግድግዳ ብቻ ነው አንዱን ከሌላው የሚለየው።

ማዕድን በሥራ ላይ እያለ ቀያሾች በየጊዜው ገብተው የተቆፈረውን ይለካሉ፤ ካርታው ላይ ይጨምራሉ። ችግሩ የሚመጣው መዝጊያው ሲቃረብ ነው። ገንዘብ ያጥራል፤ ባለቤቱ የቀረውን ከሰል፣ አንዳንድ ጊዜም ጣሪያውን ደግፈው የቆሙትን ምሰሶዎች ሳይቀር አውጥቶ መሄድ ይፈልጋል፤ ቀያሽ መጥራት ደግሞ ወጪ ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት የሚቆፈረው ስፍራ ካርታው ላይ ሳይሰፍር የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ካርታውም ማዕድኑ ከመዘጋቱ በፊት የነበረበትን መልክ እንደያዘ ለትውልድ ይተላለፋል፤ ለሚያየው ሰው ግን ሙሉ ይመስላል። መስመሩ ያልቃል፣ ከመስመሩ ወዲያ ነጭ ወረቀት ነው፣ ነጩም ያልተነካ ከሰል ተብሎ ይነበባል።

ማዕድን በቋሚነት ሲዘጋ የመጨረሻው ካርታ ተረጋግጦ ለፌዴራል መንግሥት ገቢ እንዲሆን የሚያዝዘው የከሰል ማዕድን ጤናና ደኅንነት ሕግ የወጣው በ1969 ነው። ሃሪሰን ቁጥር 2 ሥራ ያቆመው በ1960ዎቹ መጀመሪያ በመሆኑ ሕጉ አልደረሰበትም። በአፓላቺያ ከዚያ በፊት የተዘጉት ማዕድኖች ብዛት ሲታሰብ ይህ የአንድ ማዕድን ችግር ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ሁለተኛው ነገር ርቀቱ ነው። የፌዴራል ደንቡ በአንድ ንጣፍ ላይ ወዳለ፣ ገብቶ ሊመረመር ወደማይችል የጎረቤት ማዕድን 200 ጫማ ሲቀር ከፊት እየሰረሰሩ መሄድን ያዝዛል፤ ማሽኑ ከመድረሱ በፊት ረጅምና ቀጭን ቀዳዳ ወደ ፊት ይበሳል፣ ውኃ ወይም ባዶ ስፍራ ካለ አስቀድሞ ይታወቃል። በኪውክሪክ ካርታ ላይ ግን ርቀቱ 300 ጫማ ነበር። 300 ከ200 ይበልጣል፤ ስለዚህ ከፊት መሰርሰር ግዴታ አልነበረም፣ አልተሰረሰረምም። ደንቡ ርቀቱን እንዲቆጥር የታሰበው ከእውነተኛው ባዶ ስፍራ ነው፤ በተግባር ግን የተቆጠረው ወረቀት ላይ ካለው መስመር ነው። ለእኔ የዚህ ጉዳይ ዋናው ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ካርታው በተጠረጠረበት ቦታ ሆኖ ሳለ፣ ጥንቃቄው የሚጀመርበትን ቦታ የሚወስነው ያው ካርታ ነበር።

የዚያ ምሽት

ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ በአንደኛው የሥራ ክፍል ማሽኑ ግድግዳውን ቀደደ፤ ውኃው በኃይል ገባ። ቡድኑ በመጀመሪያ ያደረገው ነገር በማዕድኑ ስልክ በሌላው ክፍል ያሉትን ዘጠኝ ባልደረቦች ማስጠንቀቅ ነበር። እነዚያ ውኃው እየቀደማቸው ራሳቸውን አወጡ። አስጠንቃቂዎቹ ግን መውጫቸው በውኃ ተዘጋባቸው። ወደ አፉ ለመድረስ ደጋግመው ሞክረው ስላልሆነላቸው በክፍላቸው ውስጥ ወደሚገኘው ከፍ ያለ ቦታ ተመለሱ። በኋላ እንደተነገረው፣ ውኃ ከወሰዳቸው ተለያይተው እንዳይገኙ ራሳቸውን በገመድ ተሳሰሩ፤ ለቤተሰባቸውም ማስታወሻ ጽፈው በባልዲ ውስጥ አኖሩ።

የማዳን ሥራው

ከላይ ያሉት ሰዎች የመጀመሪያ ጥያቄ ሰዎቹ የት ናቸው የሚል ነበር። እዚህ ላይ ሁለተኛው ካርታ ሥራ ይጀምራል፤ የኪውክሪክ የራሱ፣ በወቅቱ እየተሻሻለ የነበረው ካርታ። ካርታው የየመተላለፊያውን ቦታ ብቻ ሳይሆን የወለሉንም ከፍታ የያዘ ነበር። ውኃ ወደ ዝቅታው እንደሚሞላ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ በሕይወት ያለ ሰው ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ቦታ የት እንደሆነ ከቁጥሮቹ ማውጣት ይቻላል። አዳኞቹ አንድ ነጥብ መረጡ። ቀያሾች የዚያን ነጥብ መገኛ ከካርታው ወስደው በጂፒኤስ ከላይ ባለው የወተት ከብት እርሻ ሜዳ ላይ አገኙት፤ ምልክት ተተከለ፣ መሰርሰሪያው መጣ።

የሥራውን ጥራት ለመረዳት ልኬቱን ማየት ይበጃል። ከታች ያለው መተላለፊያ ስፋቱ ወደ 6 ሜትር ነው፤ በግራና በቀኙ የከሰል ምሰሶ አለ። ከላይ ያለው ነጥብ በጥቂት ሜትር ቢሳሳት፣ ወይም መሰርሰሪያው በ240 ጫማ ጉዞው ላይ ትንሽ ቢያዘነብል፣ የሚያርፈው ምሰሶ ላይ ነው። በ1:24,000 ስኬል ያለው የመልክዓ ምድር ካርታ ይህን ሊያደርግ አይችልም። ካርታው በሚገዛበት ብሔራዊ የጥራት መለኪያ መሠረት ከሚፈተሹት ግልጽ ነጥቦች 90 ከመቶው ስሕተታቸው ከ40 ጫማ፣ ማለትም ከ12 ሜትር እንዳይበልጥ ነው የሚጠበቀው። ወረቀቱ ላይ ይህ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው፣ የእርሳስ ጫፍ የሚሸፍነው። መሬት ላይ ግን የመተላለፊያው ስፋት እጥፍ ነው። ጥሩ ካርታ ሆኖም ለዚህ ሥራ አልተሠራም።

ሐሙስ ንጋት 11 ሰዓት አካባቢ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የመጀመሪያው ቀዳዳ መተላለፊያው ውስጥ ገባ። ከታች ብረት በብረት ሲመታ ተሰማ፤ ዘጠኝ ጊዜ። በዚያው ቀዳዳ ሞቃት የታመቀ አየር መላክ ተጀመረ፤ አየሩ መልሶ እንዳይወጣ በቧንቧው ዙሪያ ያለው ክፍተት ተደፈነ። የአየሩ ጥቅም መተንፈሻ ብቻ አልነበረም። ግፊቱ ሰዎቹ ባሉበት ከፍታ ላይ ውኃው እንዳይወጣ የሚገታ የአየር ቋት ፈጠረ። ይህ ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውሳኔዎች ሁሉ ትልቁ ይመስለኛል፤ የተወሰነውም ሌላው ዕቅድ ገና ሳይጠራ ነው።

ቀጥሎ ሰው የሚያልፍበት 76 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጉድጓድ መሰርሰር ተጀመረ። ዓርብ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ 100 ጫማ ገደማ ጥልቀት ላይ ሲደርስ፣ የመሰርሰሪያው ጫፍ ተሰበረና ጉድጓዱ ውስጥ ቀረ። እሱን አንቆ የሚያወጣ መሣሪያ በአካባቢው ወርክሾፕ በጥድፊያ ተሠርቶ እስኪወጣ ድረስ ከግማሽ ቀን በላይ ባከነ። በዚህ መካከል ሌላ መሰርሰሪያ መጥቶ በአቅራቢያው ሁለተኛ ጉድጓድ ጀመረ። ከታች የሚሰማው ድምፅ ከሐሙስ ወዲህ ጠፍቷል፤ ሰዎቹ ውኃው ሲገፋቸው ከቧንቧው ርቀው ስለነበር ነው። ከላይ ያለው ሰው ይህን አያውቅም።

ሦስተኛው ግንባር ፓምፕ ነበር። ከማዕድኑ አፍም፣ ለዚሁ ተብለው ከተሰረሰሩ ጉድጓዶችም ውኃ ያለማቋረጥ ይሳብ ጀመር። ይህም ከከፍታ ስሌት ጋር የተሳሰረ ነው። የማዳኛው ጉድጓድ የአየር ቋቱን ቢበሳ ግፊቱ ይለቀቃል፤ ያን ጊዜ የውኃው ወለል ከሰዎቹ ወለል በላይ ከሆነ ውኃው ይነሣና ይውጣቸዋል። ስለዚህ ፓምፖቹ ውኃውን ከዚያ ከፍታ በታች እስኪያወርዱት ድረስ ጉድጓዱ ጣሪያውን እንዳይበሳ መወሰን ነበረበት። የታመቀ አየር ውስጥ የቆየ ሰው ድንገት ሲወጣ እንደ ጠላቂ ዋናተኛ ሊታመም ስለሚችል ከባሕር ኃይል የግፊት ማስተካከያ ክፍሎችም መጥተው ቆሙ።

ቅዳሜ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ጉድጓዱ ከታች ደረሰ። ስልክ ወረደ፤ ዘጠኙም በሕይወት እንዳሉ ታወቀ። በጠባብ የብረት ቅርጫት አንድ በአንድ ወጡ፤ የመጀመሪያው እሑድ ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ የመጨረሻው ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ።

ምርመራው ያገኘው

የፌዴራሉ የማዕድን ደኅንነትና ጤና አስተዳደር ሪፖርት በ2003 ወጣ። ዋናው ምክንያት ብሎ ያስቀመጠው ቀን የሌለውና ያልተረጋገጠ የሃሪሰን ቁጥር 2 ካርታ ሥራ ላይ መዋሉን፣ ካርታውም የመጨረሻውንና ሙሉውን ቁፋሮ አለማሳየቱን ነው። ሁለቱን ቅጽሎች ላፍታ አስቡአቸው፤ ቀን የለውም፣ አልተረጋገጠም። ሁለቱም ጉድለቶች የሚታዩት ከካርታው ግርጌ ማዕዘን ላይ ነው። እነሱን ለማየት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ከአደጋው በኋላ የበለጠ የተሟላው፣ የ1964 ቀን የያዘው ካርታ ተገኘ። የተገኘው በመንግሥት መዝገብ ቤት አይደለም። በአጎራባች ከተማ በዊንድበር ባለው የከሰል ማዕድን ቅርስ ሙዚየም ውስጥ ነው፤ ወደዚያ የገባውም የአንድ የቀድሞ የግዛቱ ማዕድን ተቆጣጣሪ ቤተሰብ የተቆጣጣሪውን ወረቀቶች በስጦታ ሲያስረክብ ነው። መንግሥታዊ መረጃ በአንድ ሰው ቤት አርጅቶ ሙዚየም ገባ። ይህ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ ነገር አይመስለኝም፤ በጡረታ የወጣ ባለሙያ ቤት ውስጥ የሚገኘው ሰነድ በመሥሪያ ቤቱ ከሚገኘው የሚበልጥበትን ጊዜ ብዙዎቻችን አይተናል።

የግዛቱ ምርመራ የወንጀል ክስ ሳያስከትል ተዘጋ።

የሠራውና ያልሠራው

ከሠሩት ነገሮች ሁሉ በፊት የማስቀምጠው የስልኩን ጥሪ ነው፤ ዘጠኝ ሰው ያዳነው እሱ ነው፣ ለዚያም ምንም ዓይነት ካርታ አላስፈለገም። ከዚያ የሚቀጥለው የኪውክሪክ የራሱ ካርታ ነው። በየጊዜው ተለክቶ፣ ከመሬት በላይ ካሉ የቅየሳ ነጥቦች ጋር ተሳስሮ፣ የወለል ከፍታዎችን ይዞ ስለተገኘ የመጀመሪያው ቀዳዳ በመጀመሪያው ሙከራ ሊሳካ ቻለ። አየሩን፣ ፓምፑንና ጉድጓዱን በአንድ ጊዜ ማካሄድም ሠርቷል፤ አንዱ ሲሰናከል ሌሎቹ ጊዜ ገዙ።

ያልሠራው ዝርዝር አጭር ሆኖም ከባድ ነው። አንድ የማዳኛ ጉድጓድ ብቻ ይዞ መጀመሩ መሣሪያው በተሰበረ ጊዜ ዋጋ አስከፍሏል። ከሁሉም በፊት ግን ያልሠራው የደንቡ 200 ጫማ ነው። ቋሚ የደኅንነት ርቀት ጥሩ ለሆነ ካርታም መጥፎ ለሆነ ካርታም አንድ ዓይነት ነው፤ ቀንና ፊርማ ያለው ካርታ 200 ጫማ ይበቃው ይሆናል፣ ቀን የሌለው ካርታ ግን 300ም አልበቃውም።

የኪውክሪክ ጉዳይ የመጀመሪያው አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በኦክቶበር 2000፣ በኬንታኪ ግዛት ማርቲን ካውንቲ የከሰል ማጠቢያ ጭቃ የተጠራቀመበት ግዙፍ ኩሬ ሥሩ ወዳለው የተተወ ማዕድን ተደረመሰ፤ ከ300 ሚሊዮን ጋሎን በላይ ጭቃ በማዕድኑ አፎች ወጥቶ ወንዞችን ሞላ። በዚያም በኩሬውና በማዕድኑ መካከል አለ የተባለው ግድግዳ ወረቀት ላይ ካለው እጅግ የቀጠነ ሆኖ ተገኝቷል።

ለሌላ ቦታ የሚተርፈው

ከዚህ ጉዳይ የሚወሰደው ልማድ ከማዕድን ውጭም ይሠራል። አሮጌ የውኃ ጉድጓድ፣ የተቀበረ ቧንቧ፣ የተተወ የድንጋይ ካባ ወይም የቆየ የእርሻ ወሰን የያዘ ካርታ ያለው ሁሉ ሊጠቀምበት ይችላል።

በመጀመሪያ ካርታው መቼ፣ በማን፣ ለምን ዓላማ እንደተሠራ መጠየቅ ነው። ቀን የሌለው ካርታ የሚያስረዳው «ቢያንስ ይህን ያህል ተቆፍሯል» ብሎ ብቻ ነው። ነጩን ወረቀት «የለም» ብሎ ማንበብ አይቻልም፤ «አላውቅም» ነው።

ሁለተኛው ካርታውን ካርታ ባልሆነ ማስረጃ መፈተን ነው፤ ይህ በብዙ ቦታ ይዘለላል። ፔንሲልቬኒያ በየዓመቱ የየማዕድኑን ምርት በቶን የሚዘረዝር የመንግሥት ሪፖርት ስታወጣ የኖረች ግዛት ናት። የንጣፉ ውፍረት ከታወቀ፣ ከአንድ ስፋት መሬት ምን ያህል ቶን ሊወጣ እንደሚችል ማስላት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ካርታው ላይ ያለው የተቆፈረ ስፋት ከተዘገበው ምርት ያነሰ ከሆነ ቀሪው ከሰል የወጣው ካርታው ካላሳየው ቦታ ነው። ሒሳቡ ቦታውን አይነግርም፤ ካርታው ጎደሎ መሆኑን ግን ይናገራል፣ ለጥንቃቄ ደግሞ ያ ይበቃል። በዚያ ማዕድን ይሠሩ የነበሩ ሽማግሌዎችም እንዲሁ ማስረጃ ናቸው፤ የመጨረሻው ፈረቃ ወዴት ይቆፍር እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው ከማናቸውም መዝገብ ቤት የቀረበ ሊሆን ይችላል።

የመልክዓ ምድር ካርታዎቹ እዚህ ይገባሉ። የየዘመኑን እትም ጎን ለጎን አስቀምጦ የዋሻ አፎችን፣ ቅርንጫፍ ሐዲዶችን፣ የጥራጊ ክምሮችን መልቀም፣ ከዚያ ከማዕድኑ ካርታ ጋር ማነጻጸር ነው። በ1:62,500 እትም ላይ የሚታይ የዋሻ አፍ በማዕድኑ ካርታ ላይ ከሌለ ሁለተኛ ካርታ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ፍለጋው ይቀጥላል። በዚህ ሥራ የመልክዓ ምድር ካርታው ምስክር እንጂ መለኪያ አይደለም፤ የ12 ሜትሩን ስሕተት አይዘንጉ።

ካርታዎችን አንዱን በሌላው ላይ ሲደርቡ ዳተሙን፣ ማለትም የካርታው መገኛዎች የሚለኩበትን መነሻ ሥርዓት፣ ማየት ግድ ነው። ከአሮጌዎቹ የአሜሪካ እትሞች ብዙዎቹ የተሠሩት በ1927 የሰሜን አሜሪካ ዳተም ነው፤ ከዛሬው የጂፒኤስ መገኛ ጋር ሳይለውጡ ቢያስቀምጡአቸው በአሥሮች ሜትር ይንሸራተታሉ። የማዕድን ካርታዎች ደግሞ ብዙዎቹ የየኩባንያውን የራሱን መነሻ ነጥብ የሚከተሉ ስለሆኑ መሬት ላይ ዛሬም ቆሞ የሚገኝ ነጥብ ተፈልጎ ካልታሰሩ በስተቀር ተንሳፋፊ ናቸው። በእኛም አገር ነገሩ ይኸው ነው። የኢትዮጵያ የ1:50,000 ካርታዎች የቆሙት አዲንዳን በተባለው ዳተም ላይ ነው፤ በስልክ ጂፒኤስ የተነበበ መገኛ እንዳለ ቢሰፍርባቸው ከ100 ሜትር በላይ ይስታል። የኪውክሪክ ግድግዳ ወረቀት ላይ 90 ሜትር እንደነበረ ልብ ይሏል።

በመጨረሻ፣ ጥርጣሬው ሳይፈታ ሲቀር ገንዘቡ ለመሰርሰር ይውላል። ከመሬት በላይ ሆኖ ባዶ ስፍራን የሚፈልጉ የጂኦፊዚክስ ዘዴዎች አሉ፤ ይረዳሉ፣ ግን ንጣፉ ቀጭንና ጥልቅ ሲሆን መልሳቸው ይደበዝዛል። ወደ ፊት የተበሳ ቀዳዳ ግን ወይ ውኃ ያመጣል ወይ ከሰል።

ከዚያ ወዲህ

በዚያው ዓመት የግዛቱ አስተዳዳሪ ያቋቋሙት ኮሚሽን የተተዉ ማዕድኖችን ካርታ ጉዳይ ከፍ አድርጎ አቀረበ። ኮንግረስ አሮጌ የማዕድን ካርታዎችን ወደ ዲጂታል ለመለወጥና ባዶ ስፍራን ለመለየት የሚያስችሉ ዘዴዎችን ለመፈተን 10 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ፔንሲልቬኒያም ከ1961 ጀምሮ ስትሠራበት የነበረውን የማዕድን ደኅንነት ሕግ በ2008 በአዲስ ተካች። በፒትስበርግ ያለው ብሔራዊ የማዕድን ካርታዎች ማከማቻ መሰብሰቡንና መቃኘቱን ቀጥሏል፤ ግዛቷም ካርታዎቹን ማንም ሰው በኢንተርኔት ሊያያቸው በሚችል አትላስ አውጥታለች። በየቤቱ፣ በየሕግ ቢሮውና በየኩባንያው መጋዘን የተረሱ ካርታዎች ያላቸው ሰዎች አምጥተው እንዲያስቃኙም ትጠይቃለች።

ለእንደዚህ ዓይነት ሥራ ለሚነሣ ሰው የምጨምረው አንድ የሥራ ምክር ብቻ ነው። ካርታ ሲቃኝ ሥዕሉ ብቻ አይቃኝ፤ የግርጌው ሣጥን፣ የቀያሹ ፊርማ፣ በእርሳስ የተጨመሩት መስመሮችና የወረቀቱ ጀርባም ይቃኙ። በዲጂታሉ ካታሎግ ውስጥ «የተሠራበት ቀን» እና «የመጨረሻው ቅየሳ ቀን» ሁለት የተለያዩ ሣጥኖች ይሁኑ፤ ሁለተኛው ካልታወቀ ባዶውን አይተዉት፣ «አይታወቅም» ተብሎ ይጻፍበት።